ቴፑ አዲስ፣ ሽቦው አሮጌ፦ ባገለገለ መኪና ላይ ስክሪን፣ ስፒከርና ባስ ከማስገጠም በፊት

ድሬዳዋና ሐረር ላይ መኪና ቶሎ አይጣልም። የሐረር መታወቂያ የሆነው የታክሲ ፔጆ 404 ንድፉ እ.ኤ.አ. የ1960 ነው፤ ድሬ ላይም ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ኮሮላዎች ሥራ ላይ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙ ሰው መኪና ከመቀየር ይልቅ ያለውን ማሻሻል ጀምሯል። ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ወርዶ አንድሮይድ ስክሪን፣ አራት ስፒከርና አንድ ባስ ገዝቶ በዚያው ቀን ያስገጥማል።

ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ባትሪው ጠዋት አያስነሳም፣ ወይም ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ስፒከሩ ያፏጫል፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ወቀሳው የሚያርፈው ዕቃው ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ዕቃው የተገጠመበት መኪና ውስጥ ነው፤ የአሮጌ መኪና ሽቦ፣ ዲናሞና ማሳ የተሠሩት ለመብራት፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነው። እዚህ የሚቀርበው ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ተጨማሪ ጭነት እንደሚችልና ገንዘቡ የት ላይ ቢወጣ እንደሚያዋጣ ነው።

ቮልት፣ አምፔር፣ ማሳ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ቢታሰብ፣ የሮቶው ከፍታ ውኃውን የሚገፋበት ኃይል ቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መጠን አምፔር ነው። ቧንቧው ሽቦው ነው። ሮቶው የቱንም ያህል ከፍ ቢል ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ሻወሩ ጋ የሚደርሰው ጠብታ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሰጣሉ፦ 14 ቮልት በ10 አምፔር 140 ዋት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ስሌት ልጅ ነው።

ማሳ ማለት የመመለሻው መንገድ ነው። በመኪና ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ኔጋቲቩ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ላሜራ በኩል ነው። አዲስ መኪና ላይ ይህ ችግር የለውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሆነው ላይ ግን ከባትሪው ወደ ቦዲው፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄዱት ወፍራም ገመዶች ጫፋቸው ዝጓል፣ ብሎናቸው ላልቷል፣ ወይም ቦዲው እንደገና ሲቀባ ቀለም ሥር ተቀብሯል። የመመለሻው መንገድ ሲጠብ ሁሉም ነገር ይደክማል፤ መብራቱ ይፈዛል፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይከብዳል፣ ድምፁም ይበላሻል።

አንድ ማሳሰቢያ ከወዲሁ፦ ይህ ሁሉ ስለ 12 ቮልት መኪና ነው። አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ቀደም ያሉት ቮልሶች ደግሞ 6 ቮልት ነበሩ። የ12 ቮልት ቴፕ 24 ቮልት ላይ ከተገናኘ አይተርፍም።

ከመግዛት በፊት ምን ይለካ?

ለዚህ የሚበቃው ተራ ዲጂታል ቴስተር ነው፤ ከአንድ ስፒከር ዋጋ አይበልጥም። መለካት ያለበት አራት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ቴስተሩ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ሲደረግ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ደርሷል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ነው። ሁለተኛው ሞተሪኖው ሲዞር ነው፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ንባቡ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሦስተኛው ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ፣ የፊት መብራትና የአየር ማራገቢያው በርተው ነው። ከ13.5 እስከ 14.4 መሆን አለበት። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ከቆመ ዲናሞው ወይም የሚያዞረው ቺንጋ ሳይስተካከል ምንም ነገር ባይገጠም ይሻላል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ቀለሙ በተፋቀ የቦዲ ላሜራ ላይ ይደረግ። ከ0.1 ቮልት በታች ማሳየት አለበት። 0.3 ካሳየ ማሳው ታሟል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ብሎኑን ፈትቶ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፋቅ፣ አዲስ ወፍራም ገመድ መጨመር፣ ካሰሩ በኋላ እንዳይዝግ ግሪስ መቀባት። ይህን ብቻ አድርገው የፊት መብራታቸው የደመቀላቸው መኪኖች አሉ፤ ያለ ምንም አዲስ ዕቃ።

ባትሪው ላይ የድሬ ሙቀት የራሱ ዕዳ አለው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪው ውስጥ ያለው የኬሚካል ሥራ፣ ማርጀቱንም ጨምሮ፣ በግምት በእጥፍ ይፈጥናል፤ ውኃውም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ክዳን ያለው ባትሪ ውኃው በየወሩ ይታይ። የሚጨመረው የባትሪ ውኃ፣ ማለትም የተጣራው ብቻ ነው። የድሬ የቧንቧ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያን ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውኃ ነው፤ ባትሪ ውስጥ ሲገባም ማዕድኑ እርሳሱን ያበላሸዋል።

ዲናሞው ስንት ዕቃ ይሸከማል?

የአሮጌ ትንሽ መኪና ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 አምፔር ነው፤ ይህም ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። በሚኒሞ ግማሹን ያህል እንኳ ላያወጣ ይችላል። አሁን ጭነቱ ይደመር። ሁለቱ የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 55 ዋት በመሆናቸው 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፣ የኋላና የክሩስኮት መብራቶች 3፣ የውስጥ ማራገቢያው ከ10 በላይ፣ የሞተሩ የራሱ ኤሌክትሪክ 4 ወይም 5። ኤሲ ካለ የራዲያተር ቬንቲሌተሩ ሌላ 10 ያክላል። ማታ በሙቀት ድሬ ከዚራ ሰፈር ቆሞ ሙዚቃ የከፈተ መኪና እንግዲህ ጉድለቱን የሚከፍለው ከባትሪው ነው። ከከዚራ ሳቢያን ያለው አጭር ጉዞ ደግሞ የወጣውን አይመልስም። ባስ ሲመታ የፊት መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት እውነት ነው?

አይደለም። ለዚህ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ የዕቃው ፊውዝ ይናገራል። አንድ ቴፕ «4×50 ዋት» ይላል እንበል፤ ከኋላው ያለው ፊውዝ ግን 10 አምፔር ነው። 10 በ14 ሲባዛ ጠቅላላ የሚገባው 140 ዋት ነው። ከሚገባው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ለአራቱ ስፒከሮች የሚቀረው 70 ዋት ገደማ ነው፤ ለእያንዳንዱ 17 ወይም 18። «1200 ዋት» የሚል አምፕሊፋየር በላዩ የተሰካው 30 አምፔር ፊውዝ ከሆነ፣ ከ420 ዋት በላይ ሊገባበት አይችልም፤ የሚወጣው ከዚያም ያነሰ ነው።

ሳይዋሽ የሚነግረው ቁጥር አር ኤም ኤስ የሚባለው ነው፤ ዕቃው ሳይቃጠልና ድምፁ ሳይሰነጠቅ ዘወትር የሚያወጣው ዋት ማለት ነው። «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚለው ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ነው። ስፒከርና አምፕ ሲጣመሩ የሚተያየው አር ኤም ኤሱ ብቻ ነው።

ከጃፓን የመጣ ሬዲዮ ለምን ጣቢያ አይዝም?

ጃፓን ውስጥ ኤፍ ኤም የሚጀምረው ከ76 ነው፤ ብዙዎቹ የዚያ አገር የመኪና ሬዲዮዎችም 90 ላይ ያበቃሉ። የእኛ ጣቢያዎች ከዚያ በላይ ናቸው። ሬዲዮው አልተበላሸም፤ የሚያዳምጠው ሌላ ሰፈር ነው። ባንድ ኤክስፓንደር የሚባለው ትንሽ ሣጥን በአንቴናው ገመድ መካከል ገብቶ ጣቢያውን ዝቅ ያደርገዋል፤ በ20 የሚቀንሰው ዓይነት ከሆነ 106.1 ላይ ያለው ጣቢያ 86.1 ላይ ይሰማል። በርካታ የአንድሮይድ ስክሪኖች ላይ ግን ዕቃ ሳይጨመር በሴቲንግ ውስጥ የሬዲዮ አገር መቀየር ይበቃል።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነገር አለ። ከፋብሪካ ናቪጌሽን ስክሪን ያላቸው የጃፓን ቶዮታዎች ባትሪያቸው ሲፈታ ይቆለፉና ኮድ ወይም የካርታውን ኤስዲ ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ «በጃፓንኛ ነው፣ አይጠቅመንም» ተብሎ ተጥሎ ከሆነ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ካርዱ ባለበት ይቀመጥ።

የቴፑ ሽቦዎች የትኛው የቱ ነው?

አዲስ ቴፕ ይዞት የሚመጣው ሽቦ ቀለሙ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፤ ሰዓትና ጣቢያ የሚያስታውሰው በዚህ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ነው። ጥቁሩ ማሳ። ሰማያዊው ለአንቴና፣ ሰማያዊና ነጩ አምፕሊፋየርን ለማስነሳት። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ስፒከር ናቸው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ኔጋቲቭ ነው። ከመኪናው በኩል የሚመጣው ግን ቀለሙ በየመኪናው ይለያያል፤ ባለፉት ባለቤቶች እጅ ስንት ጊዜ ተቆርጦ እንደተቀጠለም አይታወቅም። ስለዚህ በቀለም አይታመን፤ በቴስተር ይለካ።

ሦስት ስሕተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ። አንደኛው ቢጫውና ቀዩ ተቀያይረው ሲገኙ ነው፤ ፔጆን ጨምሮ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ምልክቱ ቁልፉ በተዘጋ ቁጥር ቴፑ ሁሉን መርሳቱ ነው። ሁለተኛው ሥራ ለማቅለል ሁለቱንም ከቋሚው ጋር አንድ ላይ መጠምጠም ነው፤ ቴፑ ሳይተኛ ያድራል፣ ባትሪው ጠዋት ይሞታል።

ሦስተኛው አዲስ ዕቃ የሚገድለው ነው። በድሮ መኪኖች የስፒከሩ ኔጋቲቭ በቀጥታ ከቦዲው ጋር የታሰረ ነበር፤ ወደ ቴፑ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የዛሬ ቴፕ ግን በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ድምፅ ይልካል። አንደኛው ማሳ ከነካ የቴፑ የድምፅ አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ሾርት ይሆናል፤ ዕድለኛ ከሆነ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆነ ይቃጠላል። አሮጌ መኪና ላይ ለእያንዳንዱ ስፒከር አዲስ ሁለት ሽቦ እስከ ቴፑ መዘርጋት ግድ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል።

መጋጠሚያው በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ ከተጠቀለለበት በድሬ ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና ናስትሮው ይፈታል። በስታኞ ተበይዶ በሙቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ ቢለብስ ዓመታት ያገለግላል።

ስፒከሩ ጥሩ ሆኖ ባስ ለምን ጠፋ?

ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል። የፊቱ ሲገፋ የኋላው ይስባል፤ ሁለቱ ከተገናኙ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የአሮጌ መኪና በር ውስጡ ክፍት ቀዳዳ የበዛበት ላሜራ ነው። ቀጭን ካርቶን ላይ የታሰረ ውድ ስፒከር ጣሳ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከስፒከሩ በፊት በሩ ይሠራ፦ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ተዘግተው፣ ስፒከሩ 12 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ቀለበት ላይ ጠብቆ ይታሰር፤ ኮምፔንሳቶው ከበሩ ውስጥ በሚገባ ዝናብ እንዳያብጥ ይቀባ። ከበሩ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ አይደፈኑ። ለድምፅ መከላከያ የሚለጠፈው ቡቲል የሚባለው ይሁን፤ ርካሽ ነው ተብሎ ካትራሜ ያለው የጣሪያ ንጣፍ ከተለጠፈ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀልጦ ይወርዳል፣ መኪናውም ይሸታል።

ስፒከር ሲመረጥ ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ ነው የሚያታልለው። መስታወቱን እስከ ታች አውርደው ከላሜራው እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ የማግኔቱ ቁመት ከዚያ ማነስ አለበት። ካልሆነ መስታወቱ ሲወርድ ማግኔቱ ላይ ያርፋል።

አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ከታሰረም ባሱ ይጠፋል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ በ1.5 ቮልት የሰዓት ድንጋይ የስፒከሩን ጫፎች ለቅጽበት መንካት። የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

አምፕሊፋየር ሲገጠም እሳት የሚነሳው ከየት ነው?

ከባትሪው እስከ አምፑ ካለው ገመድ ነው። ይህ ገመድ ከባትሪው ተነስቶ፣ የሞተሩን ክፍልና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ ቀድዶ አልፎ፣ ከምንጣፍ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ ከሌለው በመንቀጥቀጡ ብዛት ላሜራው ሽፋኑን እየፋቀ ይበላዋል። ገመዱ ቦዲውን የነካ ዕለት የባትሪው ጠቅላላ ኃይል በዚያች ነጥብ ያልፋል። ፊውዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ አምፑን አይደለም። ስለዚህም ቦታው ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ነው። ከኋላ አምፑ አጠገብ የተደረገ ፊውዝ ከእሱ በፊት ያለውን አራት ሜትር ገመድ አያድንም።

ውፍረቱስ? 30 አምፔር ለሚወስድ አምፕ በአምስት ሜትር ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ያስፈልጋል። በ2.5 ከተሠራ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የቀረውም ምንጣፍ ሥር ሙቀት ይሆናል። ገበያ ላይ ወፍራም ሆኖ የሚያምረው ርካሽ ገመድ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጓት ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ እሱን ለመጠቀም የግድ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፍራም ይወሰድ። የአምፑ ማሳ ከ50 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ፣ እኩል ውፍረት ባለው ገመድ፣ ቀለሙ በተፋቀ ቦዲ ላይ በብሎን ይታሰር። የወንበር ብሎን አይመረጥም፤ ቀለም ላይ ነው የሚያርፈው።

አምፑ ላይ ያለችው «ጌይን» ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም፤ ቴፑና አምፑ እንዲግባቡ የምታደርግ ናት። ትንሹ ላይ ትደረግ፣ ቴፑ ሦስት አራተኛ ድረስ ይከፈት፣ ከዚያ ጌይኗ ድምፁ መሰንጠቅ እስኪጀምር ቀስ ተብላ ትነሣና ትንሽ ትመለስ። ጥግ ድረስ የተከፈተች ጌይን የትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ገዳይ ናት። ለበር ስፒከሮች ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ፣ ለባሱ ደግሞ ከ80 በላይ ያለውን መቁረጥ ሁለቱንም ያሳርፋቸዋል።

ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚወጣው ፉጨት የዲናሞው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቴፑና አምፑ ማሳቸው በተለያየ ቦታ ስለታሰረና አንደኛው ስለላላ ነው፤ ወይም የድምፅ ገመዱ ከኃይል ገመዱ ጋር አብሮ ስለተዘረጋ። የኃይሉ በግራ በኩል ከሄደ የድምፁ በቀኝ ይሂድ። ማጣሪያ ሣጥን ከመግዛት በፊት ማሳው ይታይ።

በዚያው አጋጣሚ የፊት መብራቱስ?

እዚህ ላይ የሚወጣ ብር ከባሱ የበለጠ ይጠቅማል፤ ከድሬ በድንጋጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሐረር በማታ ለሚወጣ ሰው በተለይ። በአሮጌ መኪኖች የመብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ በማብሪያው ቁልፍና በቀጭን ሽቦ ያልፋል። አምፖሉ ጋ ሲደርስ ቮልቱ በ10 ከመቶ ከቀነሰ ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው፦ 30 ቁጥር በፊውዝ ከባትሪው፣ 87 ወደ አምፖሉ፣ 86 ከድሮው የመብራት ሽቦ፣ 85 ማሳ። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ። ሪሌ ሳይገጠም 100 ዋት አምፖል ማስገባት ቁልፉን ያቀልጣል። በሃሎጅን ፋኖስ ውስጥ የሚሰካው ኤል ኢ ዲ ደግሞ ብርሃኑን ስለሚበትነው ጠመዝማዛው ላይ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል፤ ባይገባ ይመረጣል።

መኪናው ቆሞ ባትሪው ለምን ያልቃል?

ስክሪን፣ አላርም፣ ካሜራ፣ ሁሉም ቆመውም ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። እስከ 50 ሚሊ አምፔር ጤናማ ነው። ያልተኛ አንድሮይድ ስክሪን ግን ግማሽ አምፔር ሊወስድ ይችላል፤ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ለመፈለግ ቁልፉ ተነቅሎ በሮቹ ይዘጉ፤ ኮፈኑ ብቻ ይከፈት። ቴስተሩ 10 አምፔር ላይ ይደረግ፣ የቀዩ ገመዱ መሰኪያም ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ይዛወር። ከዚያ የኔጋቲቩ ሞርሴቶ (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረው) ተፈትቶ ቴስተሩ በባትሪውና በሞርሴቶው መካከል ይገባል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ፈጽሞ አይነሳ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ዕቃዎቹ እስኪተኙ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ንባቡ ከ0.05 በላይ ከሆነ ፊውዞች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ይታይ፤ ንባቡ የወረደው የትኛው ፊውዝ ሲነቀል ከሆነ፣ የሚበላው ዕቃ ያለው በዚያ መስመር ላይ ነው። ከባትሪው በቀጥታ የተወሰዱ መስመሮች በፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ ስለማያልፉ እነሱ ለብቻቸው ይፈተሹ።